የቡችላችን ዘር ምንድን ነው? ምንጣፍ ላይ መሽናቱንስ እንዴት እናስተወው?

ጥያቄ፦ ከአንድ ሳምንት በፊት ወንድ ቡችላ ወደ ቤታችን አስገባን። የሰጡን ሰዎች «የጀርመን ሼፐርድ ዲቃላ ነው፣ ሁለት ወር ሊሞላው ነው» ብለውናል። ሚዛን ላይ ስናወጣው 4 ኪሎ ተኩል ሆነ። አንዱ ጆሮው ቆሟል፣ ሌላው ታጥፏል። ዓይኑ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል፣ ምላሱ ላይ ጥቁር ነጥብ አለው፣ የኋላ እግሮቹ ላይ ደግሞ ከፍ ብላ የበቀለች ትርፍ ጣት አለች። ባለቤቴ ዓይኑን አይቶ ሀስኪ ነው ይላል፤ ጎረቤታችን ምላሱን አይታ ቻውቻው ነው ትላለች። ያስቸገረን ግን ሽንቱ ነው። ውጭ ግማሽ ሰዓት ሲሮጥ ቆይቶ አንዲት ጠብታ ሳይሸና ይገባና ከሶፋው ጀርባ ሄዶ ይለቀዋል። አፍንጫውን እያስነካን እንቆጣዋለን፤ አንገቱን ደፍቶ ጥፋቱን ያምናል፣ ግን አይተውም። በበረኪና እናጸዳለን፣ እዚያው ይደግማል። ሌሊት ሲያላዝን ያድራል። ባለቤቴ «የሀስኪ ዘር ግትር ነው፣ ጠንከር ማለት አለብን» ባይ ነው። ዘሩን በምን እንወቅ? እንዴትስ እናስለምደው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱን ጥያቄ አንድ ላይ ማንሳትዎ ጥሩ ሆነ፤ ቤታችሁ ውስጥ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ማመካኛ ሆኗልና። ቡችላው ምንጣፍ ላይ የሚሸናው የሀስኪ ደም ስላለበት አይደለም። አንደኛ፣ ገና ስምንት ሳምንት ገደማ የሆነው ሕፃን ነው። ሁለተኛ፣ ሰው ፊት መሽናት እንደሚያስቆጣ ተምሯል። ውጭ ከእናንተ ጋር ግማሽ ሰዓት ችሎ የሚቆየው፣ ሲገባም ከሶፋ ጀርባ የሚሸሸገው ለዚህ ነው። ያስተማራችሁት ሳታስቡት ነው፤ በዚህ ዕድሜው ግን በቀላሉ ይስተካከላል።

ዘሩ

ከዘረዘሯቸው ምልክቶች አንዱም ብቻውን ዘር አይናገርም። ቡችላ ሲወለድ ዓይኑ ክድን ነው፤ ከ10 እስከ 14 ባለው ቀን ሲገለጥ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ይመስላል። ትክክለኛው ቀለም ቀስ እያለ ስለሚሞላ እስከ 3 ወይም 4 ወር ይወስዳል። ስለዚህ አሁን የሚያዩት ሰማያዊ ቡናማ ለመሆን ገና ጊዜ አለው። በ4 ወሩም ነጣ ያለ ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ሀስኪ ከሚጠረጠሩት አንዱ ይሆናል፤ ሌላው ተጠርጣሪ ጠጉርን ግራጫና ጥቁር አድርጎ የሚያዥጎረጉረው፣ በእረኛ ውሾች ዘንድ የሚበዛው መርል የተባለ ዘረመል ነው።

ጆሮም እንዲሁ ነው። የሚቆመው ልም አጥንቱ ሲጠነክር ነው፤ ቡችላው ጥርስ በሚቀይርበት ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ደግሞ የቆመው ሊወድቅ፣ የወደቀው ሊቆም ይችላል። የምላሱ ነጥብ ሰው ቆዳ ላይ «ማርያም ሳመችው» እንደምንለው ዓይነት የቀለም ክምችት ነው፤ በብዙ ዝርያዎችና ዘር በማይቆጠርላቸው ውሾች ላይም ይታያል። የቻውቻው ምላስ ሲያድግ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ሰማያዊ ነው እንጂ ነጠብጣብ አይደለም። የኋላ እግር ትርፍ ጣት እንደ ፒሬኔስና ብሪያርድ ባሉ ዝርያዎች መለያ ተደርጋ ትቆጠራለች፤ ግን ከእነሱ ጋር ምንም የማይገናኙ ውሾችም ይዘዋት ይወለዳሉ። ስለ ጣቷ ማወቅ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፦ ጥፍሯ መሬት ስለማይነካ አይበላም፣ እየተጠማዘዘ አድጎ ሥጋ ውስጥ ይገባል። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ጫፉን ይቁረጡለት።

መልክ ይህን ያህል የሚያሳስተው፣ ዓይናችን የሚያርፍባቸው ነገሮች በጣም ጥቂት በሆኑ ዘረመሎች ስለሚወሰኑ ነው። አጭር ጠጉር ረጅሙን ይሸፍናል፤ ስለዚህ አጭር ጠጉር ካላቸው ሁለት ወላጆች ጠጉሩ የተንዠረገገ ቡችላ ሊወለድ ይችላል። ጆን ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ባሴንጂና ኮከር ስፓንየል የተባሉ ሁለት የውሻ ዝርያዎችን አዳቅለው ልጅና የልጅ ልጆቻቸውን ተከታትለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ሥራ እንደሚታየው በሁለተኛው ትውልድ ከሁለቱም አያቶች ጋር የማይመሳሰሉ ቡችሎች ወጥተዋል። በዚያ ላይ አንዲት ሴት ውሻ በአንድ ጊዜ ከሁለት ወንዶች ልትፀንስ ስለምትችል፣ የአንድ እናት ቡችሎች አባታቸው ሊለያይ ይችላል። «ወንድሙ እኮ ቁርጥ ሼፐርድ ነው» የሚለው ወሬም ዋጋው እዚህ ላይ ያበቃል። ሥራቸው በየቀኑ ውሻ ማየት የሆነ የእንስሳት ሐኪሞች እንኳ ግምታቸው ከዲኤንኤ ውጤት ጋር ሲነጻጸር ብዙ ጊዜ ይስታሉ።

የምር ማወቅ ከፈለጉ ያለው መንገድ የዲኤንኤ ምርመራ ነው። ናሙናው ከጉንጩ ውስጥ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ በማሸት ይወሰዳል። ቡችላው ከበላ ወይም ከጠጣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለፈው፤ ከሌላ ውሻ ጋር ሲላላስ ከነበረም ለይተው ያቆዩት፣ ያለዚያ የሌላው ምራቅ ይቀላቀላል። ውጤቱን ሲያነቡ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ድርጅቱ ናሙናውን የሚያመሳክረው በእጁ ካሉት ዝርያዎች ጋር ብቻ ነው። በዓለም ላይ ካሉ ውሾች የሚበዙት ደግሞ የየትኛውም ዝርያ ዲቃላ አይደሉም። ዛሬ የምናውቃቸው አብዛኞቹ ዝርያዎች ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ተለይተው የተረቡ ናቸው፤ ሰፈር ለሰፈር የሚኖረው ውሻ ከእነሱ በፊት ነበር። የእነዚህ ናሙና የሌለው ቤተ ሙከራ 7 በመቶ ይህ፣ 4 በመቶ ያ እያለ ረጅም ዝርዝር ይልካል። ዝርዝሩ ሲበጣጠስ «የተለየ ዘር የለውም» ብለው ያንብቡት።

ለባለቤትዎ ደግሞ ይህን ያንብቡላቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ በወጣ፣ ከ18,000 በላይ ውሾችን ባካተተ ጥናት፣ በውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ውስጥ ዝርያ የሚያብራራው በአማካይ 9 በመቶውን ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ሀስኪ ቢሆንም ባይሆንም የሽንት ትምህርቱ ያው ነው።

አሁን ከዘሩ በፊት የሚያስፈልግዎት ዕድሜውን ማወቅ ነው፤ የሽንት ሰዓቱን የሚወስነው እሱ ነውና። የሰጪውን ቃል በጥርስ ያረጋግጡ። ከንፈሩን ገለጥ ሲያደርጉ እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን የወተት ጥርሶች ሙሉ ሆነው ካገኟቸው (28 ናቸው) ከ6 ሳምንት አልፎታል፣ 3 ወር ግን ገና ነው። ከፊት መሐል ካሉት አንዱ ወልቆ ወይም በቦታው ሰፋ ያለ አዲስ ጥርስ ብቅ ብሎ ከሆነ ከ3 ወር በላይ ነው፤ ያን ጊዜ ከዚህ በታች የምንሰጣቸውን ሰዓቶች ትንሽ ማላላት ይቻላል። ክራንቻዎቹ የሚቀየሩት በ5ኛው ወይም በ6ኛው ወር ነው። በ7 ወር አካባቢ 42ቱም የአዋቂ ጥርሶች ይሞላሉ።

በስምንት ሳምንቱ 4 ኪሎ ተኩል የሆነ ቡችላ አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛ ውሻ ነው የሚወጣው፤ ከ16 እስከ 24 ኪሎ ብለው ይገምቱ። መካከለኛ ውሻ የአዋቂ ክብደቱን ግማሽ የሚደርሰው 4 ወር አካባቢ ስለሆነ፣ ያኔ መዝነው በሁለት ቢያባዙት ግምቱ ይጠራል። መዳፉ ትልቅ ነው፣ ስለዚህ ግዙፍ ይሆናል የሚለውን ብዙ አይመኑት። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ሁለት ነገር ያስዩለት፦ ሁለቱም የዘር ፍሬዎቹ መውረዳቸውን፣ እና ትከሻው መሐል ከቆዳ ሥር የተቀበረ ማይክሮቺፕ (የመለያ ቁጥር የያዘ ትንሽ መሣሪያ) መኖር አለመኖሩን። ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ከተነበበ ከእናንተ በፊት ባለቤት ነበረው ማለት ነው፤ ሰጪዎቹ ያልነገሯችሁ ነገር ካለ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።

ሽንቱ

ከዛሬ ጀምሮ አፍንጫ ማስነካቱ ይቁም። ቡችላ ቅጣትን የሚያገናኘው በዚያች ቅጽበት ከሚያደርገው ነገር ጋር ነው። ከደቂቃዎች በፊት የሸናውን ይዘው ሲቆጡት «እዚህ አይሸናም» አይማርም፤ «ሽንትና ሰው አንድ ላይ ሲሆኑ ክፉ ነገር ይመጣል» ይማራል። አንገቱን መድፋቱም ጥፋት ማመን አይደለም። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት ውሾች ያን የጥፋተኛ ገጽታ የሚያሳዩት ባለቤታቸው ሲቆጣ ነው፤ በእርግጥ አጥፍተው እንደሆነና እንዳልሆነ ልዩነት አላመጣም። የእናንተም ቡችላ እየለመናችሁ እንጂ እየተናዘዘ አይደለም።

ፊኛው ምን ያህል እንደሚችል ለማወቅ ዕድሜውን በወር ቆጥረው አንድ ይጨምሩበት፤ የሚመጣው ቁጥር ተኝቶ ሊችለው የሚችለው የሰዓት ጣሪያ ነው። ለሁለት ወር ቡችላ 3 ሰዓት መሆኑ ነው። ነቅቶ ሲንቀሳቀስ ግን ይህ አይሠራም፣ በየ45 ደቂቃው እስከ አንድ ሰዓቱ መውጣት አለበት። ከዚህ ሌላ የማይዘለሉ አራት ጊዜያት አሉ፦ እንደነቃ ወዲያው፣ ከበላ ከ5 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ውስጥ፣ ውኃ በብዛት እንደጠጣ፣ ጨዋታ ሲያበቃ። የሁለት ወር ቡችላ በጨዋታ መሐል ድንገት ትቶ መሬት ማሽተትና መዞር ከጀመረ ያላችሁ ጊዜ ሴኮንዶች ነው።

ምግቡ ሰዓት ከሌለው ሰገራውም ሰዓት አይኖረውም። እስከ 3 ወር በቀን አራት ጊዜ፣ ከዚያ እስከ 6 ወር ሦስት ጊዜ ይብላ። ለምሳሌ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ 5 ሰዓት፣ 9 ሰዓት ተኩል፣ ማታ 1 ሰዓት። ሳህኑን ለ15 ደቂቃ ያስቀምጡና የተረፈውን ያንሱ። ውኃ ቀን ላይ ምንጊዜም አይለየው፤ ሽንት እንዳያበዛ ተብሎ ውኃ መከልከል ቡችላን ይጎዳል። ከመኝታ ሁለት ሰዓት በፊት ጀምሮ ማንሳት ብቻ ይበቃል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ውጭ የሚደረገው። ቡችላውን ለቀው አያውጡት፤ ልቅ ከሆነ ውጭ ማለት መጫወቻ ነው፣ ሽንቱ ትዝ የሚለው ጨዋታው ሲያበቃ፣ ማለትም ቤት ሲገባ ነው። ሁለት ሜትር ገደማ በሆነ ማሰሪያ ይዘውት፣ ሁልጊዜ በአንድ በር፣ ወደ አንድ ቦታ ይውሰዱት። እዚያ ደርሰው ይቁሙ። አያናግሩት፣ አያጫውቱት። ያሸታል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ቁጢጥ ይላል (ወንድም ቢሆን በዚህ ዕድሜው እግር አያነሳም)። ሲጀምር አንድ የመረጧትን ቃል በለሆሳስ ይበሉ፤ ከቤተሰቡ ሁሉም ያችኑ ቃል ይጠቀም። ጨርሶ ቀና ሲል፣ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ የአተር ፍሬ የምታክል የሚወደውን ምግብ ያጉርሱት። ጉርሻው ኪስዎ ውስጥ ይኑር፤ ወጥ ቤት ገብተው ከሰጡት የተሸለመው በር በመግባቱ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ይበዛል። አንደኛው ገና እየሸና ሳለ በደስታ መጮኽ ነው፤ ቡችላው ግማሹን አቋርጦ ወደ ጯኺው ይሮጣል፣ ቀሪውን ምንጣፍ ላይ ያወርደዋል። ብዙ ቡችሎች ደግሞ በአንድ ጊዜ አይጨርሱም፣ ስለዚህ ሁለት ደቂቃ ያህል ጨምረው ይጠብቁ። ሁለተኛው፣ እንደሸና ወዲያው ማስገባት ነው። መሽናት የውጭውን ደስታ የሚያሳጥር ከሆነ ቡችላው ብልጥ ነው፣ እየያዘ ማቆየት ይጀምራል። መጀመሪያ ይሽና፣ ጨዋታው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

የእናንተው ቡችላ ሰው ፊት መሽናትን ስለፈራ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ለየት ያለ አያያዝ ይፈልጋል። አምስት ሜትር የሚሆን ረዘም ያለ ገመድ ይጠቀሙ፤ ጎንዎን ሰጥተው ይቁሙ፣ ትክ ብለው አይዩት፣ ስልክዎን የሚያዩ ይምሰሉ። ሌሊቱን የያዘውን ጠዋት መቻል ስለማይችል የመጀመሪያዋ የማለዳ ሽንት ምርጥ ዕድልዎ ናት፤ ተሸክመውት ይውጡ፣ በሩ ድረስ ቢራመድ መንገድ ላይ ይለቀዋል። እነዚያን ማለዳዎች በጉርሻ ካሳለፋቸው ገመዱን በየቀኑ ጥቂት ማሳጠር ይቻላል።

አምስት ደቂቃ ቆመው ካልሸና ምን ይደረግ? ይገባል፣ ነጻ ግን አይለቀቅም። ኬጅ (በር ያለው የውሻ ማደሪያ ሳጥን) ውስጥ ወይም እቅፍዎ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና ይወጣል። ይህን ሦስት ጊዜ መደጋገም ሊኖርብዎት ይችላል፤ ይሰለቻል፣ ግን ትምህርቱ ያለው እዚህች ላይ ነው። ከሸና በኋላ ደግሞ በአንድ ክፍል ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነጻነት ያገኛል። ቤት ውስጥ ቡችላው ከሦስት ቦታ በአንዱ ብቻ ይገኝ፦ ዓይንዎ ሥር፣ ወገብዎ ላይ በታሰረ ገመድ፣ ወይም ኬጁ ውስጥ። ከሶፋው ጀርባ ያለውን ቦታ በወንበር ወይም በካርቶን ዝጉት። ባላየነው ቅጽበት የሸናው ሽንት ቡችላው ራሱን የሸለመበት ነው፤ መሽናት ያሳርፋልና።

ኬጁ የሚሠራው ልኩ ሲሆን ነው። ቆሞ፣ ዞሮ፣ ተዘርግቶ መተኛት የሚችልበት ይሁን፣ ከዚያ በላይ ግን አይስፋ። ሰፊ ከሆነ በአንዱ ጥግ ይተኛል፣ በሌላው ይሸናል። ለአዋቂነቱ የሚሆን ትልቅ ከገዙ በመከለያ ያጥብቡትና እያደገ ሲሄድ ያስፉለት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በሩን ክፍት ትተው ምግቡን እዚያ ውስጥ ይስጡት፤ እንደ እስር ቤት አይጠቀሙበት። በልኩ ኬጅ ውስጥም እየሸና ካስቸገረ፣ የቆየው ከአቅሙ በላይ ነው፣ ወይም የተነጠፈለት ወፍራም ጨርቅ ሽንቱን መጥጦ ደረቅ ስላደረገለት ነው፣ ወይም ከመምጣቱ በፊት በቆሸሸ ጠባብ ቦታ ኖሯል። ቡችሎች የሚጸዳዱበትን ቦታ መምረጥ የሚጀምሩት በስምንተኛውና በዘጠነኛው ሳምንት አካባቢ ነው፤ በዚያን ጊዜ እግራቸው ሥር የነበረው ነገር፣ ሣርም ይሁን ጋዜጣ ወይም ሲሚንቶ፣ ምርጫቸው ሆኖ ይቀራል። እናንተ ልክ በዚያ ሳምንት ላይ ናችሁ። ጋዜጣ ላይ ማስለመድ የማንመክረው ለዚህ ነው፤ በኋላ ከጋዜጣ ወደ ውጭ ለማዛወር ሌላ ትምህርት ይጠይቃል።

ሲሸና በዓይንዎ ከያዙት «አይ!» ብለው ሳይጮኹ፣ እጅዎን አንዴ ጨብ አድርገው ትኩረቱን ይሳቡ፣ አንስተው ወደ ቦታው ይውሰዱት፤ እዚያ ጠብታም ብትሆን ከጨረሰ ያጉርሱት። ሸንቶ ከሄደ በኋላ ካገኙት ምንም አይበሉ፣ ያጽዱ። ፍሪጅ ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከዚያ በፊት ምን ሲያደርግ እንደነበር ጻፉ። በሦስት አራት ቀን ውስጥ ሥርዓቱ ይወጣል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ሁልጊዜ የሚያመልጠው ከሆነ፣ 1 ሰዓት ከ45 ላይ ማውጣት ነው።

በረኪናውን ይተዉት። የሽንት ዩሪያ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያና በረኪና ሲገናኙ ደግሞ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣሉ። ለእኛ ንጹሕ የሚሸተው ምንጣፍም ለቡችላው አፍንጫ ያው የሽንት ቤት ምልክት ነው። ትኩስ ሽንት ላይ ደረቅ ፎጣ አንጥፈው ይቁሙበት፤ አይሹት፣ ማሸት ወደ ውስጥ ይነዳዋል። በቀዝቃዛ ውኃ አርጥበው እንደገና ይምጠጡት። ከዚያ ለቤት እንስሳት ሽንት የተሠራ የኢንዛይም ማጽጃ ሽንቱ የደረሰበት ጥልቀት ድረስ እንዲሰርግ በደንብ ያፍሱበት፣ በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ያህል፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ያቆዩት፣ በራሱ ይድረቅ። በረኪና ያረፈበትን ቦታ ግን አስቀድመው በውኃ ያለቅልቁና ያድርቁት፣ ያለዚያ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ኢንዛይም ካላገኙ አቼቶና ውኃ እኩል ለእኩል ይረዳል፤ ከበረኪና ጋር ግን ፈጽሞ አይቀላቀል። የረሳችሁትን አሮጌ ቦታ ለማግኘት መብራት አጥፍቶ በአልትራቫዮሌት የእጅ ባትሪ ማየት ነው፣ የደረቀ ሽንት ያበራል።

ሌሊት የሚያላዝነው ብቻውን ስለሆነ ወይም ሽንቱ ስለመጣ ነው፣ ሁለቱም በአንድ መላ ይቀላሉ፦ ኬጁን አልጋችሁ አጠገብ አድርጉት። ከተኛ ከ3 ሰዓት በኋላ ሰዓት ደውሎ ያንቃዎት፣ ሳያለቅስ ቀድመው ያውጡት። በደብዛዛ ብርሃን፣ ያለ ወሬ፣ ያለ ጨዋታ፣ ሸንቶ ይመለስ። ጥቂት ሌሊቶች ደረቅ ሆነው ሲያልፉ ደወሉን በ15 በ15 ደቂቃ ወደፊት ይግፉት። ወደ 4 ወር ሲጠጋ አብዛኞቹ ሌሊቱን ይዘልቃሉ።

የሽንት ቦታውን ሲመርጡ ክትባቱን አይርሱ። ዋናዎቹ ክትባቶች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ተጀምረው በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እስከ 16ኛው ሳምንት ይሰጣሉ። ያ እስኪያልቅ የማያውቋቸው ውሾች የማይገቡበትን ቦታ ይምረጡ፤ ቡችላን በትውከትና በተቅማጥ የሚገድለው የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ሰገራውን ወዲያው ያንሱ፣ ሕፃናት ካሉ ደግሞ በተለይ፤ የቡችላ ወስፋት እንቁላል አፈር ላይ ቆይቶ ወደ ሰው ይተላለፋል። የትል መድኃኒቱንም ሐኪሙ በሚያወጣለት ፕሮግራም ይውሰድ።

ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ አብዛኞቹ ይለምዳሉ፣ ትንንሾቹ ዝርያዎች ዘግየት ይላሉ። ሁለት ሳምንት ምንም ሳያመልጠው ካለፈ አንድ ክፍል ይጨመርለት፤ ካመለጠው ክፍሉ ይወሰድበታል፣ በቁጣ ሳይሆን በመከለል። ከ6 ወር በኋላ እግር ማንሳት ሲጀምር ግድግዳና የበር መቃን ላይ ጥቂት ጥቂት ቢያንጠባጥብ ክልል ምልክት ማድረግ ነው፤ ለጥቂት ሳምንት ወደ መጀመሪያው ሥርዓት መልሱት። እንግዳ ሲመጣ ወይም ጎንበስ ሲሉበት የምታመልጠውን ጠብታ ግን ጭራሽ አይቁጠሩበት። እሷ ፍርሃት ወይም ደስታ ናት፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በእርጋታ፣ ከተቻለም ውጭ ሰላም በሉት፣ ሲያድግ ይተዋታል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በየ10 እና 15 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ የሚሸና፣ ሲያምጥ የሚያቃስት፣ ሽንቱ ደም ወይም ደመና የመሰለ፣ ተኝቶ ሳለ ሳያውቀው የሚያረጥብ ወይም ውኃ አልጠግብ ያለ ከሆነ፣ ትምህርቱን አቁመው ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂዱ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያለበትን ቡችላ በሥልጠና ማስተካከል አይቻልም። ሲሄዱ የማለዳ ሽንቱን ይዘው ይሂዱ፦ ንጹሕና ደረቅ ጠፍጣፋ ክዳን ሽንቱ መሐል ላይ ከሆዱ ሥር ያንሸራትቱ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ይበቃል፣ ወደ ክዳን ያለው ዕቃ ገልብጠው በአንድ ሰዓት ውስጥ ያድርሱ። ካልደረሰልዎት ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩት፤ በረዶ የሚሠራበት ክፍል (ፍሪዘር) ውስጥ ግን አይግባ፣ እንዳይረጋ።